የባለ እጅ ዋጋ

የጉና ተራራ ጎረቤት በሆነችው በደብረ ታቦር ክረምቱ ብርቱ ነው። የደረጃ መደገፊያ ብረት ከሲሚንቶው ጋር በሚገናኝበት እግሩ ላይ ውሃ እያቆረ ውስጥ ለውስጥ ይዝጋል። ቀለሙ እንዳማረ ሳለ፣ አንድ ቀን አያት ተደግፈውት ሲወርዱ ይነቃነቃል። ያን ጊዜ በያጅ ይጠራል፤ የዋጋ ክርክርም ይጀመራል።

የቤቱ ባለቤት «ለሁለት ቦታ ብየዳ ይህን ያህል?» ይላል። የሚቆጥረው የእሳቱን ብልጭታ ነው። በያጁ ግን መሣሪያውን ተሸክሞ መጥቷል፤ ዝገት የበላውን ቆርጦ ይጥላል፤ የቀረውን ንጹሕ ብረት እስኪታይ ይፍቃል፤ በይዶ፣ አለስልሶ፣ የዝገት መከላከያ ይቀባል። በዝገት ላይ የተበየደ ብረት ለዓይን እንጂ ለእጅ አልተጠገነም። ዋጋ ያለ ልክ ሲቀነስ አስቀድሞ የሚቀረውም ይኸው የማይታየው ፍቅፈቃ ነው።

ነገሩ በዚህች ከተማ ታሪክ አለው። በአጠገቧ በምትገኘው ጋፋት ዳግማዊ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1859 ዓ.ም. ገደማ አሠርተዋል። በብረት ጥበብ የአገር ተስፋ ሲጣልበት፣ አገሬው ግን ቀጥቃጩን «ቡዳ» እያለ ይሸሸው ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከለከሉ። ስድቡን አዋጅ ሊከለክለው ይችላል፤ ንቀቱ ግን በዋጋ ክርክር ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል።

ስለዚህ አሠሪ ከዋጋው በፊት «ዝገቱን ምን ታደርገዋለህ?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱን ከሰማ በኋላ ይስማማ፤ ሥራው ሲያልቅም የተስማማበትን ሳያጓድል ይክፈል። የሙያ ክብር በቃል ብቻ ሳይሆን በዚህ ይለካል።