ወደ ድሬዳዋ ለምትሄደው ልጄ



የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ሆነሽ ድሬዳዋ መመደብሽ ከተሰማ ወዲህ ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ እያለኝ ነው። የእድሩ ሰዎች ሳይቀሩ መጥተዋል። አንቺ ግን ስትደውዪ ከሹመትሽ ይልቅ ያነሳሽው ሌላ ነገር ነው፤ «አንድ ዓመት እስክደላደል ማሙሽ አንቺ ጋ ይቆይልኝ» አልሽኝ። ወዲያው ያልመለስኩልሽ ድምፅሽ ሲቆራረጥ ስለሰማሁ ነው። መልሴ ይኸው፦ ይዘሽው ሂጂ።

ልጁን ጠልቼ እንዳይመስልሽ። የልጅ ልጁ ምንጣፉ ላይ ሲድህ ማየት የማይፈልግ አያት የለም። ልጃቸውን ለእናታቸው ትተው የሚሄዱትንም አልነቅፍም። ከሠፈራችን ቤሩትና ሪያድ ሄደው ሰው ቤት እየሠሩ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚልኩ አሉ፤ ልጆቻቸው እናታቸውን የሚያውቋት በስልክ ነው። እነሱ ሌላ መንገድ ቢኖራቸው ኖሮ ያን አያደርጉም። አንቺ ደመወዝ አለሽ፣ አብሮሽ የሚሄድ ባል አለሽ፣ ቤትም ትከራያላችሁ። ይህን ሁሉ ይዘሽ ልጁን ከተውሽው፣ ሥራና ልጅ አብረው አይሄዱም ብለሽ ገና ሳትጀምሪው ፈርደሻል ማለት ነው። ነገ ከሠራተኞችሽ አንዷ ስትወልድም በዚያው ፍርድ ትዳኛታለሽ።

ማሙሽ ገና አምስት ወሩ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ከነደመወዙ ሰጥቶሻል። ከእሱ በፊት የነበረው አዋጅ 60 ተከታታይ ቀን ነበርና ቀላል ነገር አይደለም። ቅዳሜን ጨምረሽ ስትቆጥሪው ግን 15 ሳምንት ነው። «እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ» እያልን እናቶችን ስናስተምር የኖርን ነርሶች ሒሳቡ እንደማይገጥም እናውቃለን፤ የጎደለውን ሁለት ወር ተኩል እያንዳንዷ ሴት በራሷ ዘዴ ትሞላዋለች። አንቺ በዓመት ፈቃድሽ ሸፍነሽ እዚህ ደረስሽ፤ የቀረውን በማለብ ጨርሺው።

የታለበ ወተት ከማቀዝቀዣ ውጭ እስከ 4 ሰዓት ይቆያል ሲባል ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ካልበለጠ ነው። ድሬዳዋ ይህን ከቀትር በፊት ታልፈዋለች፤ ስለዚህ በረዶ የሚይዝ ቦርሳ ግዢ። ማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆይልሻል፤ የታለበበትን ቀን ክዳኑ ላይ ጻፊ፣ መብራት ለረዥም ሰዓት ጠፍቶ ከዋለ አትሳሺለት፣ ድፊው። የምትቆልፊው ቢሮ አለሽ፤ በየሦስት ሰዓቱ በሩን ዘግተሽ እለቢ። «ስብሰባ ላይ ናት» ብለው እንዲዋሹልሽ ግን አትፍቀጂ። «ወተት እያለበች ነው፣ አሁን ትወጣለች» ይበሉ። ደንበኛው ትንሽ ይደነግጥ ይሆናል፤ መስኮት ላይ የተቀመጡት ሴቶች ልጆች ግን ይሰማሉ።

በሆስፒታል የዋርድ ኃላፊ ሆኜ ከሠራሁት ሁሉ ላንቺ የሚጠቅመው ርክክብ ይመስለኛል። የማታ ዱቲዋ ነርስ ለጠዋቷ የምታስረክበው ቢሮ ተቀምጣ አይደለም፤ አልጋ ላልጋ እየዞሩ ነው። የትኛው መድኃኒት በስንት ሰዓት እንደተሰጠ፣ ምን እንደሚጠበቅ፣ ምን ከታየ ሐኪም እንደሚጠራ ተነግሮ ተረካቢዋ ትፈርማለች። ከዚያ በኋላ አስረካቢዋ ቤቷ ትሄዳለች። መሄዱ ነው ከባዱ። የሚቸገሩበት ደግሞ ጎበዞቹ ነበሩ፤ አስረክበው ከወጡ በኋላ ከበር ተመልሰው ግሉኮሱን የሚያስተካክሉ። ለእነሱ ርኅራኄ ነው። ተረካቢዋ ግን «እሷ ታየዋለች» ብላ ልቧን ታነሳለች፣ በሽተኛው በሁለት ነርስ መሐል ያለ ነርስ ይቀራል።

ቅር አይበልሽና ባልሽን የያዝሽው እንዲህ ነው። ልጁን አጥቦ ሳይጨርስ ፎጣውን ከእጁ ትቀሚዋለሽ። ሕጉ ለአባት የሚሰጠው 3 ተከታታይ ቀን ነው፤ በ3 ቀን ለአራስ ገንፎ ማቅረብ እንጂ ልጅ መያዝ አይለመድም። የቀረውን እናንተው ቤት መማር አለበት። አስተማሪ ስለሆነ ካንቺ ቀድሞ ይገባል፤ ከ9 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ልጁን እሱ ይረከብ። ክትባቱም የእሱ ይሁን፤ ካርዱ በእሱ ቦርሳ ይቀመጥ፣ የዘጠኝ ወሩን የኩፍኝ ክትባት እሱ ይቁጠር። ሹራቡን ገልብጦ ቢያለብሰው ዝም በዪ። ከባንክ እየደወልሽ «በላ? ተኛ?» አትበይ። አማትሽ «ልጄን ሞግዚት አደረገችው» ካሉም መልሱን እሱ ይስጣቸው፣ አንቺ አትግቢበት።

ስለ ቤት ሠራተኛሽ ግን ብዙ የምለው አለኝ። ትላልቅ ሴቶች መድረክ ላይ ወጥተው «ሥራና እናትነትን እንዴት ቻሉት?» ተብለው ሲጠየቁ አዳምጣለሁ። ስለ ብርታት፣ ስለ ጸሎት፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀም ያወራሉ። ልጁን አዝላ ቤት የቀረችውን የምታነሳ ጥቂት ናት። ከገጠር የመጣችው ያቺ ልጅ ባትኖር አብዛኞቻችን ሥራ ገበታችን ላይ አንገኝም ነበር፤ እኔም ጭምር። አንቺን የጠበቀሽ ያው አዋጅ 1156 እሷን ከወሰኑ ውጭ አድርጎ ጉዳይዋን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትቶታል። እስከዚያው የዕረፍት ቀኗን የምታውጂው አንቺ ነሽ፣ የሕመም ፈቃዷን የምትፈርሚውም አንቺ። የቅርንጫፉን ሠራተኞች ከማስተዳደርሽ በፊት የምታስተዳድሪያት እሷ ናት።

ደመወዟ ቀኑን አይለፍ። እሑድ ሙሉ ቀን የራሷ ይሁን፤ የት ዋልሽ አትበያት። የማታ ትምህርት ጀምራለች ብለሽኛል። እንግዲያው አንቺ ከቢሮ በዘገየሽ ቁጥር የሚቀረው የእሷ ክፍለ ጊዜ ነው፤ ማታ ስብሰባ ስትጠሪ ይህን እያሰብሽ ጥሪ። ባንክ ውስጥ እየሠራሽ ገንዘቧ ፍራሽ ሥር እንዳይሆን፤ በስሟ የቁጠባ ሒሳብ ክፈቺላት፣ ደብተሩንም እሷው ትያዘው። አንድ ቀን ማታ ስትገቢ ማሙሽ ከጀርባዋ አልወርድም ብሎ ያለቅስብሻል። ያንገበግብሻል። በማግስቱ በሰበብ አስባቡ እንዳትቆጫት። እሷን ባይወዳት ነበር የሚያስፈራሽ።

የባንኩን ሥራ ካንቺ በላይ አላውቅም። ማሙሽን ትኩሳት ይዞት ተነስተሽ የምትወጪበት ቀን ግን አይቀርም፤ ምክትልሽ ያን ቀን ስልክሽን ሳይጠብቅ መፈረም እንዲችል ከአሁኑ አስረክቢው፣ የፈረመውንም ስትመለሺ አታፍርሺበት። በሰኔ የዓመቱን ሒሳብ ስትዘጉ አምሽታችሁ አንዳንዴም አድራችሁ እንደምትወጡ ነግረሽኛል። ያን ሌሊት ልጁ ከማን ጋር እንደሚያድር በግንቦት ተነጋገሩ። አንቺ ብቻ ሳትሆኚ ከሠራተኞችሽም እናቶች አሉና እነሱንም በግንቦት ጠይቂያቸው።

ነፍሰ ጡር ሠራተኛ የትርፍ ሰዓት እንደማትሠራ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንደማትመደብ፣ በእርግዝናዋ ጊዜና ከወለደች እስከ አራት ወር እንደማትሰናበት አዋጁ ላይ አለ፤ አንብቢው። አዋጁ ላይ የሌለው የፊትሽ ነገር ነው። ከገንዘብ ተቀባዮቹ አንዷ አርግዛ ልትነግርሽ ስትገባ መጀመሪያ ከአፍሽ የሚወጣው «እንኳን ደስ ያለሽ» ይሁን፤ «መቼ ነው የምትወጪው?» ቆይቶ ይደርሳል።

«ከወለድኩ ወዲህ ራሴ እንደ ድሮው አይሠራም» ያልሽውን አልረሳሁትም። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ባርሴሎና ኦሊምፒክ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ወሰደች፣ ቆይታ ወለደች፣ በመስከረም 1993 ሲድኒ ላይ ደግሞ በዚያው ርቀት አሸነፈች። ሰው የሚያወራው ስለ ሁለቱ ወርቆች ነው። እኔን የሚገርመኝ ከወለደች በኋላ እስከ ሲድኒ ያለው ሁለት ዓመት ያህል ነው፤ ያን ጊዜ በየቀኑ ምን እንደሠራች ካሜራ አላየውም። ያቺ ናት ኋላ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑን የመራችው። አንቺ ከወለድሽ አምስት ወርሽ ነው፤ ሰውነትሽን አትጣደፊበት።

እኔ ከፋሲካ በኋላ ለጥቂት ሳምንት እመጣለሁ። ቀድሜ ብመጣ ባልሽም ልጅቷም ልጁን ለእኔ ጥለውት ይገላገላሉ፤ አንቺም ትተዪዋለሽ። ሽሮውንና በርበሬውን በአክስትሽ እጅ ልኬያለሁ። የሙቀት መለኪያም ጨምሬበታለሁ፤ አጠቃቀሙን ትናንት በስልክ ያስረዳሁት ለባልሽ ነው፣ እሱን ጠይቂው።

እናትሽ