ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ፦ ተማሪዎች የሠሩትን ፍለጋ

ልጆቻችን ዩኒቨርሲቲን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዩት መቼ ነው? የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ብዙዎቹ የግቢ በር የሚረግጡት በፍርሃት ነው። ፍተሻ አለ፣ ሰልፍ አለ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ውጤት ጥበቃ። በዚያ የመጀመሪያ ዙር ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ወደ 3 ብቻ ስለነበሩ ጭንቀቱ የልጆቹ ብቻ ሳይሆን የመላው ቤተሰብ ሆኗል። ስለዚህ አንድ ሐሳብ ላቅርብ፤ ፈተናው ልጆቻችንን ወደ ዩኒቨርሲቲ ሳይወስዳቸው በፊት እኛ እንውሰዳቸው። ሕንፃውን ለማየት ብቻ ሳይሆን እዚያ ያሉ ተማሪዎች ምን እንደሚሠሩ ለማየት።

እኔ የምሠራው ማርኬቲንግ ነው። በእኔ ሙያ ጥሩ ዕቃ ይዞ የሚያሳይበት ቦታ የሌለው ሰው ያሳዝነናል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ነገር እንደዚያው ነው። በየዓመቱ የሚያጠኑት፣ የሚስሉት፣ የሚጽፉት ብዙ ነው፤ ከመደርደሪያ ወርዶ ቤተሰብ ዘንድ የሚደርሰው ግን ጥቂት ነው። ደግነቱ አብዛኛው ያለው ከአራት ኪሎ ስድስት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ነው። መንገዱ በእግር ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ጠዋት ቁርስ በልተው ቢጀምሩ እስከ ምሳ ብዙ ያያሉ።

መነሻችን አራት ኪሎ፣ የሳይንስ ግቢው ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1943 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተብሎ ሲከፈት የተጀመረው እዚህ ነው። ልጆች ወዲያው የሚወዱት የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሙን ነው፤ የአገራችን አእዋፍና አጥቢ እንስሳት በመስታወት ውስጥ ቆመው ይታያሉ። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግን ብሔራዊ ሄርባሪየም ነው። ሄርባሪየም ዕፅዋት በጋዜጣ መካከል ተጫነው ከደረቁ በኋላ ወረቀት ላይ ተለጥፈው የሚቀመጡበት ቤት ነው። በእያንዳንዱ ወረቀት ጥግ ላይ ዕፁ የት ቦታ፣ በምን ከፍታ፣ መቼና በማን እንደተሰበሰበ ይጻፋል፤ ሲገኝም የአካባቢው ሰው የሚጠራበት ስም።

ከእነዚህ ወረቀቶች ብዙዎቹ የተማሪ ሥራ ናቸው። ለማስተርስ ወይም ለዶክትሬት የባህል መድኃኒትን የሚያጠና ተማሪ ወደ አንድ ወረዳ ይወርዳል፣ አዋቂ አባቶችንና እናቶችን ይጠይቃል፣ ቅጠሉን ቆርጦ ያደርቃል፣ ሲመለስ ናሙናውን ለሄርባሪየሙ ያስረክባል። የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት በዝርዝር የያዘው ባለ 8 ቅጹ የፍሎራ መጽሐፍ የተሠራውም እንዲህ ባሉ ስብስቦች ላይ ተመሥርቶ ነው። ሥራው ከ1972 እስከ 2001 ዓ.ም. ድረስ 30 ዓመት ገደማ ወስዶ ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎችን መዝግቧል።

እዚህ ቦታ ላይ ቆም ብለው ለልጅዎ የእንዶድን ታሪክ ይንገሩት። በ1950ዎቹ መጨረሻ ገደማ ወጣቱ ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ውስጥ ሴቶች ልብስ ሲያጥቡ ተመለከቱ። ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ውኃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ይታዩ ነበር። ሴቶቹ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር፤ ቀንድ አውጣዎቹ ደግሞ የቢልሃርዝያ በሽታን የሚያስተላልፉ ናቸው። ከዚያች ምልከታ የተነሣው ምርምር በ1982 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉንና ባልደረባቸውን ዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስን ራይት ላይቭሊሁድ ለተባለው ዓለም አቀፍ ሽልማት አብቅቷቸዋል። እናቶቻችን ሁሉ የሚያውቁትን ቅጠል ሌላ ጥያቄ የጠየቀበት ሰው ተገኘ ማለት ነው።

ወደ ላይ ስንቀጥል ብሔራዊ ሙዚየምን እናገኛለን። ሉሲን ያላየ የአዲስ አበባ ልጅ ብዙ የለም። በዚህ ጉብኝት ግን የሚነገረው ከአጥንቶቹ ጀርባ ስላሉት ሰዎች ነው። ዕድሜዋ 3.3 ሚሊዮን ዓመት የሆነውን ሕፃን ሰላምን ዲኪካ ላይ ያገኙት ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን የያዙት ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ በጂኦሎጂ ነው። በ2008 ዓ.ም. አፋር ውስጥ 3.8 ሚሊዮን ዓመት የሆነውን የራስ ቅል ያገኘውን ቡድን የመሩት ዶክተር ዮሐንስ ኃይለሥላሴስ? እሳቸው የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን የሠሩት በታሪክ ትምህርት ነው። «ታሪክ ተምሮ ምን ይሆናል?» ለሚል ዘመድ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

ከሙዚየሙ ብዙም ሳንርቅ አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት አለ። በ1950 ዓ.ም. ሠዓሊ አለ ፈለገሰላም ያቋቋሙት ነው። ለመሄድ ጥሩው ጊዜ የትምህርት ዘመኑ ማብቂያ ነው፤ ተመራቂዎች ሥራቸውን ለሕዝብ የሚያሳዩት ያኔ ነው። ባለፈው ጊዜ አብራኝ የነበረችው የ15 ዓመቷ የእህቴ ልጅ ከውዳቂ ሽቦ የተሠራ መሶብ ፊት ቆማ ለሠራው ልጅ የመጀመሪያ ጥያቄዋን አቀረበች፤ ይሸጣል ወይ? እኔ ልጠይቀው የነበረውን ነው የቀደመችኝ። ልጁ ሳቅ ብሎ መጀመሪያ ይሠራ ብዬ ነው አላት። እናቱ እስካሁን ለጎረቤት ልጄ የሚማረው ምሕንድስና ነው እንደሚሉም አጫወተን። ስቀን ወጣን፤ የእህቴ ልጅ ግን ታክሲ ውስጥ ዝም ብላ ቆይታ፣ ሽቦውን ያጠፈው በእጁ ነው ወይስ በመሣሪያ ስትል ጠየቀችኝ። ከመሸጥ ወደ መሥራት ስትዞር አየሁ።

መሸጡም ቢሆን አይቀርም። ከዚሁ ትምህርት ቤት በ1982 ዓ.ም. የተመረቀው ኤልያስ ስሜ ቁልፍ፣ ክርና የተጣለ የኮምፒውተር ሽቦ ከመርካቶ እየለቀመ የሚሠራቸው ሥራዎች ዛሬ በውጭ አገር ትልልቅ ሙዚየሞች ይታያሉ።

አሁን ስድስት ኪሎ ደርሰናል። ዋናው ግቢ በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው የተሰጠው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ወደ የትም የማያደርስ ደረጃ አለ። በወረራው ዘመን ፋሺስቶች የሙሶሊኒን የሥልጣን ዓመታት ለመቁጠር አንድ በአንድ ያቆሙት ነው። ዛሬ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። ልጆች ደረጃዎቹን ይቁጠሯቸው፤ ትርጉሙን እርስዎ ይንገሯቸው።

ቤተ መንግሥቱ ውስጥ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ይገኛል። የንጉሡ መኝታ ቤት ሁሉንም ጎብኚ ይስባል። በተቋሙ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ግን ሌላ ሀብት አለ፤ ለዲግሪ ማሟያ የተጻፉ የተማሪ ጥናቶች። የቆዩት በታይፕ የተመቱ ናቸው። ስለ አንዲት ከተማ አመሠራረት፣ ስለ ሰርግ ዘፈን፣ ስለ ሙሾ፣ ስለ ፉከራ፣ ስለ ገበያና ዕድር ይተርካሉ። አብዛኛው ተማሪ ገንዘብ ስለሌለው ጥናቱን የሚሠራው ተወልዶ ባደገበት አገር ነው፤ የሚያርፍበት የዘመድ ቤት አለ፣ የሚያናግሩት ሽማግሌዎችም ያውቁታል። በዚህ ምክንያት ኢትዮጵያ በልጆቿ እጅ ወረዳ በወረዳ ተጽፋለች። መረጃ የሰጡት አዛውንት ዛሬ አብዛኞቹ በሕይወት የሉም። ድምፃቸው ያለው እዚያ ወረቀት ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ተማሪዎች የጻፉት ጥናት ብቻም አልነበረም። በ1950ዎቹ በኮሌጅ ቀን የግጥም ውድድር ተማሪዎች የድሃውን ኑሮ ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ያነቡ ነበር። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች የተማሪውን ንቅናቄ ሲተርኩ ከእነዚያ ግጥሞች ይነሣሉ። በዚያው አካባቢ ባለው ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ደግሞ ፒያኖና ክራር፣ ቫዮሊንና መሰንቆ ጎን ለጎን ይጠናሉ።

ቀን ከተረፈዎት ልደታ የሚገኘውን፣ ብዙዎቻችን ሕንፃ ኮሌጅ እያልን የምንጠራውን ይጨምሩ። በ2002 ዓ.ም. የዚህ ተቋም ተማሪዎች ከስዊዘርላንዱ ኢቲኤች ዙሪክ ተማሪዎች ጋር ሆነው ሱዱ የተባለ ጂ ፕላስ ዋን የሙከራ ቤት ሠርተዋል። ግድግዳው ከተጠቀጠቀ አፈር ነው፤ ከላይ የሸፈነውም ከስስ የአፈር ጡብ የተሠራ ቅስት ነው። ጥያቄያቸው ሲሚንቶና ብረት በተወደደበት ከተማ ሰው በእግሩ ሥር ባለው አፈር ፎቅ ሊሠራ ይችላል ወይ የሚል ነበር። ጭቃ ቤት ያደገ ሰው የማይጠይቀው ጥያቄ አይደለም።

ከሄርባሪየሙ እስከ ጭቃ ቤቱ ያየናቸውን አንድ የሚያደርጋቸው ይህ ነው፤ ጥሩ የተማሪ ሥራ የሚነሣው ከቤት ነው። የአያት መድኃኒት፣ የመንደር ሙሾ፣ የእናት እንዶድ፣ የመርካቶ ቁልፍ። ስለዚህ ወላጅ ክፍያ ከፋይ ብቻ አይደለም፤ የመጀመሪያው መረጃ ሰጪ ነው። በገንዘብ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያስጽፍ ተማሪ መኖሩን ሁላችንም እንሰማለን። እንዲህ ያለው ልጅ የሚያጣው ውጤት አይደለም፤ ውጤቱንማ ያገኛል። የሚያጣው አያቱን ለመጠየቅ የነበረውን አንድ ዕድል ነው።

ለጉብኝቱ መታወቂያ ይያዙ፤ በር ላይ ፍተሻ አለ። ሙዚየሞቹ በአነስተኛ የመግቢያ ክፍያ ያስተናግዳሉ። ሄርባሪየሙንና የጥናት ወረቀቶቹን ለማየት ግን ቀድመው መጠየቅና ፈቃድ ማግኘት ይሻላል። ዩኒቨርሲቲው የድኅረ ምረቃ ጥናቶችን በኢንተርኔት የሚያስቀምጥበት ማከማቻም ስላለው፣ የትውልድ ወረዳዎን ስም ጽፈው ከልጅዎ ጋር መፈለግ ይችላሉ።

ልጅዎ ዘንድሮ ወይም ከርሞ የትምህርት ዘርፍ የሚመርጥ ከሆነ የትኛው ዘርፍ ያዋጣል የሚለው ክርክር ከመጀመሩ በፊት አንድ የቤት ሥራ ይስጡት። የሚቀጥለው በዓል ላይ አያቱ አጠገብ ተቀምጦ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቅ፤ የአንድ ቅጠል ስም፣ የአንድ ዘፈን ግጥም፣ የአንድ ቤት አሠራር። በስልኩ ይቅዳው፣ ቀኑንና ቦታውን ይጻፍበት። ሲጨርስ ዓይኑን ይመልከቱት። የትኛው ጥያቄ ላይ እንደበራ ካዩ የዘርፍ ምርጫው ግማሹ አልቋል።