ዓባይ በረሃ ላይ አውቶቡሱን አቁሙት

የ12ኛ ክፍል ባዮሎጂ ዝግመተ ለውጥ ላይ ሲደርስ የሚነሳውን የመጀመሪያ ጥያቄ የማያውቅ መምህር ያለ አይመስለኝም፦ «ቲቸር፣ የሰው ልጅ ከዝንጀሮ ነው የመጣው?» ክፍሉ ይስቃል። አንዱ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ሌላው ቁርአን ይጠቅሳል። መምህሩ ሰዓቱን ያያል፤ «ዛሬ ካሉት ዝንጀሮዎች አይደለም፣ የጋራ የሩቅ ቅድመ አያት አለን ነው የሚሉት» ብሎ ወደ ላማርክና ዳርዊን ያልፋል። ተማሪውም ለፈተና የሚበቃውን ሸምድዶ ይወጣል።

እኔ ምዕራፉ የሚበላሸው ገና ከመነሻው ነው ባይ ነኝ። ከሰው እንጀምራለን፤ መጀመር የነበረብን ግን ከድንጋይ ነው።

«ሚሊዮን ዓመት» ለአንድ የ18 ዓመት ልጅ ምንም ማለት አይደለም። 3 ሚሊዮንም በሉት 150 ሚሊዮን፣ ሁለቱም «ድሮ» ናቸው። ጊዜው ያልታየው ተማሪ ደግሞ በዚያ ጊዜ ውስጥ ተከናወነ የሚባለውን ለውጥ ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

የሚያሳዝነው፣ ጊዜውን የሚያሳየው ትምህርት አለን። ባሕሩ በአገራችን ላይ ገብቶ እንደወጣ፣ እሳተ ገሞራው ደጋውን እንደሠራ፣ ስምጥ ሸለቆው እንደተሰነጠቀ ልጆቹ በጂኦግራፊ ተምረውታል። ግን 11ኛ ክፍል ላይ ናቹራልና ሶሻል ተብሎ ይለያያል። ጂኦግራፊ ከሶሻሉ ጋር ይሄዳል፣ ባዮሎጂ ናቹራል ጋር ይቀራል። ድንጋዩን የሚማረው ልጅ ዝግመተ ለውጥን አይማርም፤ ዝግመተ ለውጥን የሚማረው ድንጋዩን ረስቶታል። ዳርዊን እንኳ እ.ኤ.አ. በ1831 ቢግል መርከብ ላይ ሲሳፈር ይዞ የገባው የቻርልስ ላየልን የጂኦሎጂ መጽሐፍ ነበር። በ1835 ቺሊ ውስጥ የመሬት መንቀጥቀጥ የባሕሩን ዳርቻ ከፍ አድርጎት አየ። ምድር እንደምትለወጥ ያመነው ስለ ፍጥረታት መለወጥ ከመጻፉ ብዙ ዓመት ቀድሞ ነው።

እኛ ቺሊ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ ሁሉ ጎሐ ጽዮን ላይ ወደ ዓባይ ቁልቁለቱን ይጀምራል። ብዙ ሰው እዚያ የሚያስበው ስለ ፍሬን ነው። መስኮቱን ለሚያይ ግን መንገዱ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ጊዜው ወደ ኋላ ይሄዳል። አናቱ ላይ ጥቁር ባዛልት አለ፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ደጋውን ያለበሰው የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ ነው። ከሥሩ የኖራ ድንጋዩ ይመጣል፣ ከዚያ ጀሶው፣ ድልድዩ አካባቢ ደግሞ ቀላ ያለው አሸዋ ድንጋይ። ወንዙን ተሻግረው ወደ ደጀን ሲወጡ ያው ንብርብር ከታች ወደ ላይ በተራው ይደገማል። ወንዙ መሬቱን ሰንጥቆ እንደወረደ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ሥዕል በየትኛውም መጽሐፍ የለም።

ተማሪዎቹን ይዞ የሚወርደው አውቶቡስ መቆም ያለበት የኖራ ድንጋዩ ጋ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ትንሽ አቼቶ ይያዝ። በኖራ ድንጋዩ ላይ ሲንጠባጠብ አረፋ ያወጣል፣ ጀሶው ላይ ግን አያወጣም። ከዚያ ዓይናቸውን ያስጠጉ፦ የባሕር ዛጎል፣ ኮራል፣ የባሕር ጃርት። ይህ ሁሉ በጁራሲክ ዘመን፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ በፊት ጎጃምና ሸዋ የባሕር ወለል ሳሉ የተቀመጠ ነው።

አሁን ጥያቄውን መምህሩ ይጠይቅ። በመሶብ የተደራረበ እንጀራ ውስጥ መጀመሪያ የተጋገረው የቱ ነው? የታችኛው። እንግዲያው በዚህ የዛጎል ንብርብር ውስጥ የዝሆን ጥርስ ፈልጉ። የላም ቀንድ ፈልጉ። የለም። በሙገር ሸለቆ ከኖራ ድንጋዩ በላይ ባለው ጭቃማ ድንጋይ የዳይኖሰር ጥርስ ተገኝቷል። ጎንደር አጠገብ ጭልጋ ላይ፣ 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በሆነው ደለል ውስጥ፣ የዝሆን የጥንት ዘመዶች አሉ። ሰው መሰሎቹ የሚመጡት በጣም ዘግይተው አፋር ላይ ነው፦ አርዲ 4.4 ሚሊዮን፣ ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት። ቅደም ተከተሉን መምህሩ አልነገራቸውም፤ ልጆቹ ራሳቸው ከታች ወደ ላይ ቆጠሩት። ይህን የቆጠረ ተማሪ «ፍጥረታት በጊዜ ውስጥ ተለዋውጠዋል» ሲባል በቃል የሚይዘው ሳይሆን ያየው ነገር ይሆንለታል።

ክፍተቱንም አትደብቁት። በኖራ ድንጋዩና በባዛልቱ መካከል ወደ መቶ ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አብዛኛው ድንጋይ የለም፤ ወይ አልተቀመጠም፣ ወይ ታጥቦ ሄዷል። «የጎደለው ማያያዣ የት አለ?» የሚለው ተማሪ መልሱን የሚያገኘው እዚያ ገደል ላይ ነው። ያልተቀመጠ ደለል ቅሪተ አካል አይዝም።

ዕድሜው በምን ታወቀ ለሚለው ደግሞ የኦሞ ኪቢሽን ታሪክ የሚያህል የክፍል እንቆቅልሽ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1967 እዚያ የተገኘው የዘመናዊ ሰው ቅሪት ለዓመታት 195,000 ዓመት ገደማ ነው ሲባል ቆየ። ከቅሪቱ በላይ ወፍራም የእሳተ ገሞራ አመድ ተነጥፏል፤ አመዱ ግን በጣም የደቀቀ ስለሆነ በቀጥታ ዕድሜውን መለካት አስቸገረ። በ2022 የታተመው ጥናት ዘዴ አገኘ። እያንዳንዱ ፍንዳታ የራሱ ኬሚካዊ ቅንብር አለው። የኪቢሹ አመድ ቅንብር በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ካለው ከሻላ እሳተ ገሞራ ጋር ገጠመ። ሻላ ላይ ደግሞ ለመለካት የሚበቃ የፌልድስፓር ክሪስታል አለ። በክሪስታሉ ውስጥ ያለው ራዲዮአክቲቭ ፖታሲየም በታወቀ ፍጥነት ወደ አርጎን ይለወጣል፤ አርጎኑ ሲለካ 233,000 ዓመት ገደማ ሆነ። አመዱ ከላይ፣ ሰውየው ከታች። እንግዲህ ሰውየው ስንት ዓመቱ ነው? «233,000» ያለ ተማሪ ተሳስቷል። «ቢያንስ 233,000» ያለው ነገሩ ገብቶታል። የሻላን ሐይቅ ለሽርሽር የሚያውቁ ልጆች ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ላይ የሚታየውን ማየት ደስ ይላል።

ድንጋይ ጊዜን ብቻ አይደለም የሚያስተምረው፤ አጥርም ይሆናል። ጢስ ዓባይ ላይ ውኃው የሚወረወርበት 40 ሜትር ገደማ የሆነ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ገደል ከታች የሚመጣውን ዓሣ ከጣና ለይቶታል። በሐይቁ ውስጥ የቀሩት ላቤዮባርበስ የሚባሉት ዓሦች ወደ 15 ዝርያ ተከፋፍለዋል። ከእነሱ 8ቱ ሌላ ዓሣ አዳኝ ሆነዋል፤ መንጋጋቸው ላይ ጥርስ ለሌለው ወገን እንግዳ ነገር ነው። ባሕር ዳር ያለ መምህር ለዚህ ትምህርት ላቦራቶሪ አያስፈልገውም፣ ዓሣ ገበያው ይበቃዋል።

ስለ እምነት የሚፈሩ መምህራን አሉ፣ እረዳቸዋለሁ። ነገር ግን ክርክሩን የሚያግለው አጀማመሩ ይመስለኛል። ንብርብር ቁጠሩ የተባለ ልጅ እምነቱን እንዲተው አልተጠየቀም፤ ያየውን እንዲጽፍ ነው የተጠየቀው። ከዚያ በኋላ የሚያስበው የራሱ ነው።

በጀት የለም፣ መንገዱም ሁልጊዜ ሰላም አይደለም፤ ይህን የማያውቅ የለም። ስለዚህ በከተማችሁ ያለውን የመንገድ ቆረጣ ወይም የድንጋይ ካባ ተጠቀሙ። የጂኦግራፊ መምህሩን ለሁለት ክፍለ ጊዜ ለምኑትና የዝግመተ ለውጥን ምዕራፍ እሱ ይክፈትላችሁ። መጽሐፉ እስኪሻሻል አትጠብቁ።

ዛጎል ያለበት ድንጋይ በአካባቢያችሁ የምታውቁ ደግሞ ቦታውን ጻፉልኝ። ፎቶ አንሱ፤ ከቦታው ግን እንዳታነሱት። ከንብርብሩ የወጣ ቅሪተ አካል ከየትኛው ዘመን እንደሆነ ማወቅ እጅግ ከባድ ነው።