ልጅ ያቦካው ለራት ሲበቃ

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ሲባል ሰምታችሁ አድጋችኋል። እኔም እንደ እናንተው ነኝ። ባለፈው ወር ግን አንድ የሙዚቃ ነጋዴ ቤታችን መጥቶ፣ በጎረቤት ሠርግ ላይ ስትዘፍን የሰማትን የ11 ዓመት ልጃችንን «አልበም ላውጣላት» ሲለን ይህ ተረት ከሐሳቤ አልወጣ አለ። ባለቤቴ ደስ አለው። እኔም አልዋሽም፤ የቤት ኪራዩ ትዝ ብሎኝ ልቤ ከጀለ።

ሌሊቱን እንቅልፍ ነሥቶኝ የሜክሲኮውን ዘፋኝ የሉዊስ ሚጌልን ታሪክ አሰብሁ። ሉዊስ ሚጌል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970 በፖርቶ ሪኮ ተወለደ። አባቱ ሉዊሲቶ ሬይ ስፔናዊ ዘፋኝ፣ እናቱ ማርሴላ ባስቴሪ ጣሊያናዊት ነበሩ። በ1982 የመጀመሪያ አልበሙ «ኡን ሶል»፣ ትርጉሙም «አንዲት ፀሐይ»፣ ሲወጣ ገና 11 ዓመቱ ነበር። አልበሙ ተወደደ፤ ተሸጠም። ከዚያ በኋላ ዕረፍት አልነበረም፤ እስከ 1984 ድረስ ብቻ በርካታ አልበሞች ወጡለት፤ በፊልምም ሠራ። በ1985፣ በ14 ዓመቱ፣ ከስኮትላንዳዊቷ ሺና ኢስተን ጋር በዘፈነው ዘፈን የግራሚ ሽልማት ተቀበለ።

ለመሆኑ ሥራውንና ገንዘቡን የሚያስተዳድረው ማን ነበር? ወላጅ አባቱ! ልጅ ያቦካው ለራት ብቻ ሳይሆን ለመላው ቤተሰብ በቃ። ይሁን እንጂ እናቱ በ1986 ደብዛዋ ጠፋ፤ የት እንደ ደረሰችም በይፋ አልተረጋገጠም። ልጁ ለአካለ መጠን ሲደርስ በገንዘቡ አያያዝ ምክንያት ከአባቱ ጋር ተለያየ፤ አባቱም በ1992 ሞተ። የዘፋኙ ዝና ግን እየጨመረ ሄደ፤ በ1991 ያወጣው «ሮማንስ» በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ ተሸጦለታል። ዝናው ተረፈ፤ ቤቱ ግን ፈረሰ።

ይህ የእርሱ ብቻ ዕጣ አይደለም። የሆሊውዱ ሕፃን ተዋናይ ጃኪ ኩገን በ1921 ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር «ዘ ኪድ» የተባለውን ፊልም ሠርቶ ዓለም አወቀው። ሲያድግ ግን የድካሙ ዋጋ በእናቱና በእንጀራ አባቱ እጅ አልቆ ጠበቀው። በዚህ ሰበብ የካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት በ1939 ሕግ አወጣ፤ ዛሬ በዚያ ሕግ መሠረት ከሕፃኑ ገቢ ቢያንስ 15 በመቶው በስሙ በተከፈተ ሒሳብ ይቀመጣል።

እናቶች ሆይ፤ እኛን ሕግ እስኪያስገድደን መጠበቅ አለብንን? በማግሥቱ ልጄን ጠርቼ፣ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አልኋት። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ማንም አልጠየቃትም ነበር። ጥቂት ዝም ብላ፣ «እማዬ፣ መዝፈን እወዳለሁ፤ ግን ካላተረፍሁ አባባ ይቆጣኛል?» አለችኝ። አባቷ ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፋ።

ለነጋዴው «አሁን አይሆንም» አልነው። በሠርጉ ላይ የተሸለመችውን ብር በስሟ በተከፈተ የቁጠባ ደብተር አስገባንላት። ኪራዩን እንደ ወትሮው እኔና አባቷ እንከፍላለን። እርሷም ዕቃ ስታጥብ ታንጎራጉራለች።

እናንተም ቤት ድምፀ መረዋ ልጅ ካለ አጨብጭቡለት፤ አበረታቱት። የቤቱን ሸክም ግን በጉሮሮው ላይ አትጫኑበት።