ማሽላ የማን ናት?

መተማ ዮሐንስ ሲባል ሁለት ነገር ይነሳል፤ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. እዚያ የወደቁት አፄ ዮሐንስና ሰሊጥ። ማሽላን የሚያነሳ የለም። ሰሊጡ ተበጥሮ፣ ተመዝኖ፣ በኩንታል ተጭኖ ውጭ አገር ይሄዳል፤ ማሽላ ጎተራ ገብታ የቤተሰብና የቀን ሠራተኛ እንጀራ ትሆናለች። የዘር ሐረግ ይቆጠር ከተባለ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሰሊጥ መጀመሪያ የለማው ህንድ ውስጥ ነው። ማሽላ ግን እዚሁ አካባቢ ናት። በምሥራቅ ሱዳን፣ ከካሳላ ብዙም ሳይርቅ፣ ከ5,000 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የሸክላ ስብርባሪዎች ተገኝተዋል። ሠሪዎቹ ጭቃውን ከእብቅ ጋር አቡክተውት ነበርና እሳቱ እብቁን ቢበላውም ቅርጹ ታትሞ ቀረ። በ2017 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ምርምር ያየው ይህንን ቅርጽ ነው። የዱር ማሽላ ሲደርስ በራሱ ስለሚረግፍ የተላቀቀበት ቦታ ልሙጥ ነው፤ የለማችው ካልተወቃች አትለቅምና የተገነጠለችበት ሻካራ ጠባሳ አላት። ስብርባሪዎቹ ላይ ሁለቱም አሉ፤ ገበሬው ገና እየመረጠ ነበር ማለት ነው።

«እንግዲያው ማሽላ የእኛ ናት» ብሎ ለመፎከር የሚቸኩል አይጠፋም፤ ከድንበሩ ማዶ ሱዳንም እንዲሁ። ያኔ ግን ድንበር የሚባል ነገር አልነበረም፤ የመተማው ጓንግ ወንዝም ቢሆን ሱዳን ሲገባ አትባራ ተብሎ ይቀጥላል። ዛሬ መተማ ላይ የሚዘራው ወዲአከር የተባለው የማሽላ ዝርያም ስሙ ራሱ የሱዳን ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ማሽላን እስካሁን ያቆያት ባለቤት ሳይሆን ተበዳሪ ነው። ከ3,500 ዓመት በፊት ህንድ ደርሳለች፤ ሰሊጥ በበኩሉ ከህንድ ወደዚህ መጣ። ፖምም ታሪኩ ይኸው ነው። ትውልዱ የካዛክስታን አልማቲ ተራሮች ሲሆን፣ ፍሬው ተዘርቶ እናቱን ስለማይመስል ከጎረቤት ቅርንጫፍ ተቆርጦ በሌላ ግንድ ላይ ካልተጣበቀ ዝርያው ይጠፋል። ፖም ብርድ ይፈልጋልና የመተማን ሙቀት አይችልም። ማሽላ ግን በአብዛኛው ራሷን በራሷ ስለምታራባ አንድ ዛላ የወሰደ ጎረቤት ዝርያውን ከነባሕርይው ወሰደ ማለት ይቻላል። ስለዚህ መተማ የጋራ የፖም ማሳ ሊኖራት ባይችልም ነባር ማሽላዎቿ በየዓመቱ የሚዘሩበትና የፈለገ ዛላ የሚወስድበት የጋራ ማሳ ያስፈልጋታል እላለሁ።

«ለዚህ አዲስ አበባ የጂን ባንክ አለ» ይባል ይሆናል። በ1976 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ባንክ በእርግጥ ትልቅ ሀብት ነው። ግን በብርድ ክፍል ያለ ዘር ተኝቷል፤ የዘንድሮን ዝናብና የዘንድሮን ተባይ አያውቅም። ባንኩን ለዓመታት የመሩት ዶ/ር መላኩ ወረደ ራሳቸው ዘር ገበሬው ማሳ ላይም ይጠበቅ ብለው የተከራከሩ ናቸው። ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ የተሻሻለው ዘር የበለጠ ምርት ይሰጣል። እውነት ነው፣ የሚከለክለውም የለም። ነገር ግን ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋም ማሽላ አውጥተው በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ሲያገኙ ባሕርይውን ከባዶ አልፈጠሩትም። የአቀንጭራን ዘር ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰውን ኬሚካል ከሥራቸው ጥቂት ብቻ የሚያወጡ ማሽላዎችን ፈልገው አግኝተው ነው ያዳቀሉት። ነባሩ ከጠፋ የሚሻሻለው ከምን ላይ ነው?

ሦስተኛው፣ መስጠት መዘረፍ ነው የሚለው ነው። ስጋቱ መሠረት አለው፤ የጄኔቲክ ሀብትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 የወጣውም ለዚሁ ነው። አዋጁ ለውጭ ወሳጅ ፈቃድ ይጠይቃል፤ በኢትዮጵያ ማኅበረሰቦች መካከል የቆየውን የልማድ ልውውጥ ግን አይነካም። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ችግሩ የመተማ ገበሬ ጎረቤት ጎንደር ብቻ አለመሆኑ ነው። ወዲአከር የመጣበት፣ ከድንበሩ ማዶ ካለችው ገላባት የሚመጣው መንገድ በዚህ የልማድ ልውውጥ ውስጥ አልተቆጠረም፤ አንድ ቁና ዘር በትከሻው አዝሎ የድንበሩን ድልድይ የሚሻገር ገበሬም በሕጉ ዓይን ያው ውጭ ወሳጅ ነው።