ሥጋ ዘመዱን እንዴት ያውቃል

እኔ በምኖርበት በዘነበወርቅ ሰፈር፥ በ1958 ዓ.ም. አለርት የተባለው ማዕከል የተመሠረተበት የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል ይገኛል። ጎረቤቴ የሆኑ አንድ ሽማግሌ በዚያ ሲታከሙ፥ የታጠፉት ጣቶቻቸው ይቀኑ ዘንድ ጅማታቸው ከስፍራው ተነሥቶ በሌላ ስፍራ ተተክሎላቸዋል፤ ለእግራቸው ቁስልም ከጭናቸው ቆዳ ተወስዶ ተለጥፎላቸዋል። ሁለቱም ያዙ። ሰውነት እንዳይጥላቸው ተብሎ የተሰጠ መድኃኒት የለም፤ የራሳቸው ሥጋ ነውና።

ከዚያ በፊት ግን ፕሬድኒሶሎን የሚባል ኪኒን ለወራት ውጠው ነበር። በዚህ ደዌ ነርቭን የሚጎዳው ጀርሙ ብቻ አይደለም፤ የሰውነት ጠባቂዎች የሆኑት ነጭ የደም ሕዋሳት በነርቭ ውስጥ የተሸሸገውን ጀርም ሲወጉ፥ ነርቩንም አብረው ያቆስሉታል። ኪኒኑ የዚህን ጦርነት ቁጣ ያበርዳል።

ታላቅ ወንድሜም ይህንኑ ኪኒን ከሌሎች ጋር ይውጣል፤ ይኸውም እኅታችን ኩላሊቷን ስለ ሰጠችው ነው። ጤና በተሰማው ጊዜ፥ «የእኅቴ ሥጋ ለእኔ ባዕድ ነውን? ይህ መድኃኒትስ እስከ መቼ ነው?» ማለት ጀመረ። ቤተ ሰቡም እውነት መሰለው፤ ፍቅር እንዲህ ያሰኛልና።

ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በሰውነታችን ሕዋሳት ላይ ግማሹ ከአባት፥ ግማሹ ከእናት የተወረሰ ማኅተም አለ። ከአንድ አባትና እናት የተወለዱ ሁለት ልጆች ማኅተማቸው ፈጽሞ የሚገጥመው ከአራት አንድ ጊዜ ያህል ነው፤ በገጠመም ጊዜ ጥቃቅን ልዩነት አይጠፋም። ጠባቂዎቹ ያልለመዱትን ማኅተም ሲያገኙ የሰጪውን ቸርነት አይመለከቱም፤ ይዘምቱበታል። በ1954 እ.ኤ.አ. በቦስተን ከተማ ኩላሊት ከሰው ወደ ሰው ተዛውሮ መልካም ሆኖ የተገኘው፥ ሰጪውና ተቀባዩ ፍጹም የሚመሳሰሉ መንታ ወንድማማች ስለ ነበሩ ነው። በአገራችን በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ይህ ሕክምና በ2008 ዓ.ም. ሲጀመር ግን ጠባቂዎቹን የሚያለዝብ መድኃኒት ስላለ መንታ መሆን ግዴታ አልነበረም፤ ዘመድ በቃ።

ሐኪሙ ለወንድሜ እንዳስረዱት፥ ጠባቂዎቹ እንግዳውን ኩላሊት ዘመናት ቢያልፉም አይረሱትም፤ ስለዚህ ኩላሊቱ እስከ ሠራ ድረስ መድኃኒቱ አይቋረጥም። ከሁሉ የሚያስፈራው ዘመቻው ሲጀመር ብዙ ጊዜ ሕመም የሌለው መሆኑ ነው። ሰውየው በልቶ፥ ጠጥቶ፥ ሥራውን ሠርቶ ሲገባ፥ ጉዳቱን አስቀድሞ የሚናገረው በደም ምርመራ የሚታየው የክሬያቲኒን መጠን ነው።