ብርድ የሚሠራው እሳት

የልጅ ልጄ ባሕር ዳር ነው፤ የመጀመሪያ ዓመት የኢንጂነሪንግ ተማሪ። ባለፈው ሳምንት ማታ ደወለና «እምዬ፣ አስተማሪያችን ስለ አስተዳደጋችሁና ስለምትወዱት ነገር አንድ ገጽ ጻፉ ብሎናል። ላንብብልሽ?» አለኝ። ምን ብሎ ጽፎብኝ ይሆን ብዬ ደነገጥኩ።

የደነገጥኩበት ምክንያት አለኝ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲሰጥ ከተፈተኑት አንዱ ነው። የዚያን ጊዜ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። እሱ አለፈ። ፍኖተ ሰላም ያለው ጎረቤት ሁሉ እልል ሲል እኔ በልቤ ነጭ ጋዋን እያለበስኩት ነበር። የመጀመሪያውን መንፈቅ የጋራ ትምህርት ጨርሶ «ኢንጂነሪንግ መረጥኩ» ሲለኝ ሁለት ሳምንት ስልኩን አላነሳሁም። እውነቱን ለመናገር ሐኪም መሆን የምፈልገው እኔ ነበርኩ። በነርስነት ዲፕሎማ ገጠር ስመደብ «ትንሽ ሠርቼ እቀጥላለሁ» ብዬ ነበር፤ እንዳልኩት ሳይሆን ጡረታ ወጣሁ።

ማንበብ ጀመረ። አባቱ ከቡሬ ወጣ ብሎ በቆሎና በርበሬ እንደሚያመርት፣ እናቱ እህል ተሸክማ ወፍጮ ቤት ስትሄድ ተከትሏት የሞተሩን ቀበቶ ሲያይ እንደሚውል ጽፏል። ዱቄቱ ፊቱን አልብሶት ሲመለስ አይቼዋለሁ። ቀጥሎ ግን የእኔ ጤና ጣቢያ መጣ።

ትምህርት ቤቱ ለእኔ ጤና ጣቢያ ስለሚቀርብ ሳምንቱን እኔ ጋ ነበር የሚያድረው። ያኔ መብራት አልነበረንም። ክትባት የምናቆየው በነጭ ጋዝ በሚሠራ ፍሪጅ ነው፤ ከሥሩ ኩራዝ የመሰለ እሳት ይነዳል። ክሩን እየከረከምኩ ነበልባሉን ሰማያዊ ሳደርግ ልጁ ሆዱ ላይ ተኝቶ «እምዬ፣ እሳት እንዴት ብርድ ይሠራል?» ይለኛል። መልሱን አላውቅም ነበር። «ዝም ብለህ ፊደልህን አጥና» እለው ነበር።

አንድ የክትባት ቀን ጠዋት በሩን ስከፍት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆን ያለበት ቴርሞሜትር 17 ያሳያል። እሳቱ ግን ይነዳል። የኩፍኝ ክትባት ሙቀት አይችልም፤ ያለውን ሁሉ ጣልኩና ልጆቻቸውን አዝለው ከሩቅ የመጡትን እናቶች መለስኩ። አንዷ ዳግመኛ አልመጣችም። ከወራት በኋላ ልጇን ኩፍኝ ወሰደው። እኔ ጥፋቱን በዘበኛው ላይ ጣልኩ፦ ሌሊት ጠፍቶበት ጠዋት ለኩሶታል፣ ጋዙንም ሽጦታል ብዬ። ምሎ ነበር። አላመንኩትም፤ ሥራውንም ለቀቀ።

«አያቴን ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው» ብሎ ጽፏል። ኢንጂነሪንግ የመረጠው ያን ፍሪጅ ለመረዳት እንደሆነም ጽፏል። መናገር አቃተኝ።

አንብቦ ሲጨርስ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ፍሪጁ የቆመው ደልዳላ ቦታ ላይ ነበር?» አለኝ። ይህ ዓይነቱ ፍሪጅ ሞተር የለውም አለ፤ እሳቱ አሞኒያ ያለበትን ውሃ ያፈላዋል፣ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ፈሳሽ ሲሆን በቱቦው የሚወርደው በገዛ ክብደቱ ነው። ፍሪጁ ካዘነበለ ፈሳሹ መንገዱን ያጣል፤ እሳቱ እየነደደ ብርዱ ይቀራል።

ወለሉን ልንለስን ብለን ፍሪጁን ከዋዜማው ወደ ዕቃ ቤቱ አዛውረነው ነበር። የዕቃ ቤቱ ወለል አፈር ነው። አንዱን እግሩን በድንጋይ የደገፍኩት እኔ ራሴ ነኝ።

ዘበኛው አሁን ሸምግሏል፤ ቡሬ ከልጁ ጋር እንደሚኖር ሰምቻለሁ። ልጄ ቤቱን አጠያይቃልኛለች። ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ እሄዳለሁ።